ጸበል የገባበት ሮቶ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ጁባ ና ባሪ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የውኃ ቦቴዎች ያድሩበት በነበረ ግቢ፣ በብረት ማማ ላይ የቆሙ ሁለት ጥቁር ሮቶዎች አሉ። እያንዳንዳቸው አሥር ሺህ ሊትር ይይዛሉ። ባለፈው ጥር በአንዲት ቅዳሜ እነዚህን ሁለት ሮቶዎች እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ማስጠጣት ነበረብን። መሬት ላይ ማፍሰስ አይፈቀድም፤ መሸጥም አይፈቀድም። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ ትዘላለች። ግን ከሮቶዎቹ ባለቤት ልጀምር።

ማናህሎሽ የጋሽ ኃይለመለኮት የመጨረሻ ልጅ ናት። ጋሽ ኃይለመለኮት የሱዳኑ የሰላም ስምምነት በተፈረመ ማግስት ጁባ ከገቡት ሐበሾች አንዱ ናቸው። ይዘው የመጡት አንዲት አሮጌ ቦቴ ነበረች። ከተማዋ የረባ ቧንቧ አልነበራትም፤ ዓባይ ግን በደጇ ያልፋል። ከወንዙ ይቀዳሉ፣ ለቤቱና ለሆቴሉ ያደርሳሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። አንዷ ቦቴ ሁለት ሆነች፤ ሁለቱ አምስት ሆኑ፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ናቸው። ካስተም ከሚባለው ገበያ አጠገብ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አላቸው፤ ከዩጋንዳ የሚመጣ ሸቀጥ የሚራገፍበት መጋዘንም አላቸው። ባለቤታቸው እትዬ አባይነሽ ግን ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርደው ሽንኩርት ራሳቸው ይመርጣሉ።

ማናህሎሽ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት እየተማረች ክረምት ክረምት ጁባ ትመጣ ነበር። ሌሎቹ የሀብታም ልጆች ሆቴሉ ሰገነት ላይ ሲቀመጡ፣ እሷ ከሾፌሩ ከተገኝ ጎን ገብታ ቀኑን ሙሉ ውኃ ስታደርስ ትውላለች። ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አያያዝ ተማረች፤ ከዚያ ናይሮቢ ሄዳ በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሰባት ዓመት ሠራች። ስትመለስ መጠሪያዋ “ኢምፓክት ኢንቨስተር” ሆኖ መጣ። እናቷ ያን ቀን የጠየቋትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

“እስቲ ሥራሽን ንገሪኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ አፌን ይይዘኛል።”

“ሰው የሚጠቅም ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ገንዘብ እሰጣለሁ፤ ሲያተርፉ አብሬ አተርፋለሁ።”

“አራጣ ነው?”

“ኧረ እማዬ!”

“እንግዲያ ምጽዋት ነው።”

“እሱም አይደለም። ምጽዋት ዛሬ ተበልቶ ያልቃል። ይሄ ነገም ራሱን ችሎ መቆም አለበት።”

እትዬ አባይነሽ ትንሽ አሰቡና፣ “አራጣም ምጽዋትም ያልሆነ! እንግዲህ ስሙን እግዚአብሔር ያውጣለት” አሉ።

እኔ ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ የማነሳና ደብተር የምሸጥ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ከመጻሕፍት ለቅሜአለሁ። ማናህሎሽ ወረቀቶቿን እኔ ጋ ታባዛለች። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ አንብቤው ሳልጨርስ ስለማልሰጣት፣ “ጋሼ፣ ለማንበቢያው ነው ወይስ ለማባዣው የምከፍልህ?” እያለች ትስቅብኛለች። ሥራዋን ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ጋሽ ኃይለመለኮት ውርስ እስኪሆን ሳይጠብቁ ለልጆቻቸው ድርሻ ድርሻቸውን ሰጥተው ነበር። ወንድሞቿ ሕንፃ ገዙበት። እሷ በድርሻዋ መጀመሪያ ሃይ ማላካል ውስጥ ለአራት ሴቶች የዳቦ መጋገሪያ አቆመች፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው። ቀጥላ በእርጎ ሞከረች፤ መብራት እየጠፋ እርጎው ኮመጠጠ፤ ያ ገንዘብ ቀለጠ። አልደበቀችውም። “እርጎው አስተምሮኛል፤ ክፍያው ውድ ነበር እንጂ” ትላለች። ከዚያ ወዲህ በሰው ሥራ ላይ አንድ ሳንቲም ሳታወጣ በፊት ሥራው ካለበት ቦታ ሄዳ ሳምንት ሙሉ መቀመጥ ልማዷ ሆነ። በእርጎው ጊዜ አልተቀመጠችም ነበርና።

ጁባ ና ባሪም የተቀመጠችው እንዲሁ ነው። ማማ ፖኒ የሚሏት የሰፈሩ ሴት ገንፎ እየሸጠች የልጅ ልጇን ታሳድጋለች። ማናህሎሽ ሳምንቱን ከማማ ፖኒ ደጅ በርጩማ ላይ ዋለች። በብስክሌት ጀሪካን የሚያዞሩት ሰዎች ለማማ ፖኒ የሚሸጡላት ውኃ ዋጋ፣ በሊትር ሲታሰብ፣ የጋሽ ኃይለመለኮት ሆቴል ከሚከፍለው ሦስት እጥፍ ነበር። ደሃዋ በሦስት እጥፍ ትገዛለች፤ የምትገዛው ደግሞ ከወንዙ እንዳለ የተቀዳውን ነው። ያ ወቅት የኮሌራው ወቅት ነበር። በአራተኛው ቀን የማማ ፖኒ የልጅ ልጅ ታመመች። ማናህሎሽ ሕፃኗን በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ታቅፋ ሐኪም ቤት አደረሰቻት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጅቱ ተረፈች።

ያን ለታ ማናህሎሽ አባቷን፣ “አባዬ፣ ውኃውን እናክመው። ቢያንስ ቦቴዎቹን አሳጥባቸው” አለቻቸው።

“ዓባይ ራሱን ያጥባል፣ ልጄ። ሃያ ዓመት ሸጫለሁ፤ ማን ሞተብኝ?”

ሁለት ዓመት ለመነቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ መልሳቸው ይኸው ነበር። በመጨረሻ ጁባ ና ባሪ ያለውን የቦቴ ማደሪያ ግቢ ጠየቀች። ጋሽ ኃይለመለኮት ነጋዴ ናቸው፤ በወረቀት አደረጉት። ወረቀቱን ያባዛሁት እኔ ነኝ። ግቢው ለአንድ ዓመት የሷ ይሆናል፤ እስከ ጥር መጨረሻ ውኃ ማጣሪያው ራሱን ካልቻለ ቦቴዎቹ ይመለሱበታል።

“የአባትና የልጅ ነገር እዚህ የለም” አሏት ሲፈርሙ።

“ባይኖር ይሻላል፤ ብዕሬን መልስልኝ” አለቻቸው። የፈረሙት በእሷ ብዕር ነበር፤ ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ ነው የያዘቻቸው።

ዓመቱን ሙሉ ሠራች። አሸዋ ማጣሪያ ተተከለ፤ ሶላር ፓምፕ መጣ፤ ክሎሪን የሚመጥን ባለሙያ ተቀጠረ። ኃላፊ ያደረገቻት ጋምቤላ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰች ኛሉዋክ የምትባል የኑዌር ልጅ ናት። አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል፤ ምላሷም ይፈጥናል። የሥራው ስሌት ቀላል ነበር። የአባቷን ሆቴል ጨምሮ አራት የሐበሻ ሆቴሎች ውኃውን በሙሉ ዋጋ ይገዛሉ፤ በዚያ ገቢ የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን በርካሽ ይሞላሉ። ሆቴሎቹ ውል ፈረሙ። ከቃና ዘገሊላ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ውኃ መቀበል ይጀምራሉ፤ ሰኞ ካልደረሰ ውሉ ይፈርሳል። ውሉ ከፈረሰ የማማ ፖኒ ርካሽ ውኃ የለም፤ ግቢውም የቦቴ ማደሪያ ይሆናል።

ምረቃው ቃና ዘገሊላ ዕለት ሆነ። ጥምቀቱ በደስታ አልፎ ሁላችንም ነጭ በነጭ እንደለበስን ነበርን። ማናህሎሽ ሥራዋን ያለ ጸሎት ጀምራ አታውቅምና ቀሲስ እንድሪያስን ጠራቻቸው። ቀሲስ መስቀላቸውን ይዘው ማማው ሥር ቆመው ጸለዩ፤ ግቢውን፣ ሠራተኞቹን፣ ውኃውን ባረኩ። ይህ ባልከፋ። ነገሩን የለወጡት እትዬ አባይነሽ ናቸው። ቀሲስ “አሜን” ሳይሉ እትዬ አባይነሽ ነጠላቸውን አስረው የብረቱን መሰላል ያዙ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው! “እማዬ፣ ውረጂ!” ብትል ማናህሎሽ ማን ሰምቷት። ጫፍ ደርሰው ከቦርሳቸው ሁለት ሊትር ሃይላንድ አወጡ፤ ከትናንቱ ባሕረ ጥምቀት የተቀዳ ጸበል ነው። ግማሹን በአንዱ ሮቶ፣ ግማሹን በሌላው ገለበጡት። እልልታው እስከ ወንዙ ተሰማ። እኔም፣ አልዋሽም፣ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ የጋሽ ኃይለመለኮት ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ ሽመክት ውኃውን ለመሞከር መጣ። ቧንቧው ተከፈተለት። ቆቡን አወለቀ፤ ውኃውን ግን አልነካውም።

“ማኒ፣ በዚህ ውኃ ምን ላድርግበት ነው የምትዪው?”

“አብስልበት። ዕቃ እጠብበት።”

“የክትፎ ጣባ? በጸበል?” ወደ ኋላ ሸሸ። “እናትሽ ሲገለብጡት በዓይኔ አይቻለሁ። የቢራ ብርጭቆ የታጠበበት ውኃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፍሳሽ! እኔ ልጆች አሉኝ፤ እዚህ ውስጥ አልገባም።”

እስከ እኩለ ቀን የቀሩት ሦስት ሆቴሎች ሰዎችም እንዲሁ አሉ። ቧንቧ ላይ የቆሙት ሁለት ልጃገረዶችም ገንዘብ አንቀበልም አሉ፤ ጸበል ሸጦ የበለጸገ ማን አለና? ውኃ ጨምረን እናቅጥነው ያለም ነበር፤ ሴቶቹ ግን “ጸበል ላይ ውኃ ቢጨመር ውኃው ጸበል ይሆናል እንጂ!” ብለው አፉን አስያዙት።

ኛሉዋክ ይህን ሁሉ አይታ ማናህሎሽን ወደ ጎን ሳበቻት። “ማና፣ እኔ ፕሪስቢቴሪያን ነኝ፤ እኛ ጋ ጸበል የለም። እኔ ልሽጠው?”

ማናህሎሽ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። “ብትሸጪውም የኔ ንብረት ነው፣ እህቴ። አልችልም።”

አባቷ ስልክ ደወሉ። “አልሸጥሽውም አሉ። ደግ አደረግሽ” አሏት። ቀጥለውም፣ “ሰኞ ግን ሰኞ ነው” ብለው ዘጉ።

ዓርብ ዕለት እናትና ልጅ ቀሲስ እንድሪያስ ዘንድ ሄዱ። እትዬ አባይነሽ ያለቅሳሉ። “አባቴ፣ ልጄን ልባርክ ብዬ ቤቷን አፈረስኩባት!”

ቀሲስ መጀመሪያ መሳቅ አምሯቸው ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ግን እንደ አባት ተናገሩ። “ጸበሉ አይሸጥም፤ እግር በሚረግጠው መሬትም አይፈስስም። ይጠጣ፤ ሰው ይጠመቅበት፤ ለታመመ ይሰጥ። በነፃ። ሮቶው ሲደርቅ እጠቡትና አዲስ ውኃ ሙሉበት፤ እሱን ሽጡት። ሥራሽን ባርኬአለሁ፣ ልጄ፤ ሥራ እንዲቆም የባረከ የለም።” ወደ እትዬ አባይነሽ ዞረው፣ “እርስዎም ከእንግዲህ መሰላል አይውጡ” አሉ።

ማናህሎሽ በጣቶቿ አሰበች። ሃያ ሺህ ሊትር፤ አንድ ሺህ ጀሪካን ነው። እሑድ ሮቶዎቹ ታጥበው ማጣሪያው ሲሠራ መዋል አለበት። ስለዚህ ያለችው ቅዳሜ ብቻ ናት።

እኔም የድርሻዬን አዋጣሁ። ዓርብ ማምሻውን ሁለት መቶ ወረቀት አተምኩ፤ “ነገ፣ ንጹሕ ውኃ፣ በነፃ” የሚል። ቅዳሜ በጠዋቱ በሰፈሩ ሁሉ ለጠፍነው። እኔ ጅሉ ሰው ይጎርፋል ብዬ ነበር። ማንም አልመጣም! ጁባ ውስጥ ውኃ በነፃ የሚሰጥ ሰው ተሰምቶ አያውቅም፤ ሐበሻ ሲሆን ደግሞ ይባስ። ወረቀቱን አንብበው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። በመጨረሻ ማማ ፖኒ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

“መጃን?” አለች በጁባ ዓረብኛ፤ በነፃ ማለቷ ነው። “ለምን? ምርጫ ደረሰ እንዴ? ማን ነው የሚወዳደረው?”

ኛሉዋክ፣ “ሞያ ታ ከኒሳ” አለቻት፤ የቤተ ክርስቲያን ውኃ ነው፣ አይሸጥም።

ማማ ፖኒ ወደ ማናህሎሽ ዞረች። “አንቺ ጠጪ።”

ማናህሎሽ በመዳፏ ቀድታ ጠጣች። ማማ ፖኒ እሷ እስክትጨርስ አየቻትና ራሷም ቀመሰች። “ኩዌስ” አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ጀሪካኗን ሞልታ ተሸክማ ወጣች፤ መንገድ ላይም የጮኸችውን የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሰሙ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰልፉ ከበሩ ተርፎ ጥጉን ዞረ! እኔ ቁጥር ያዝኩ። ሃምሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ። የኛ ሰዎችም መጥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ሕመምተኛ ያላቸው በሃይላንድ ይወስዳሉ። ነገር ግን ሰዎች ጀሪካናቸውን ቤት አድርሰው እስኪመለሱ ጊዜ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ አርባ ላይ ነበርን። ገና አንደኛው ሮቶ እንኳ አልደረቀም።

ጋሽ ኃይለመለኮት መጡ። ሰልፉን አዩ፤ ሮቶውን በጣታቸው አንኳኩና ድምፁን ሰሙ። ነጋዴ ናቸው፣ ቁጥሬን ሳይጠይቁ ገባቸው።

“አትደርሺም” አሏት።

“አውቃለሁ፣ አባዬ።”

ጋሽ ኃይለመለኮት ስልካቸውን አውጥተው ተገኝን ጠሩት። “ሁለት ቦቴ ይዘህ ና። ጭነን ሃይ ማላካል እናድላለን።”

ማናህሎሽ በደስታ ጮኸች። ቦቴዎቹ መጡ። የመጀመሪያው ሾፌር ቱቦውን ሊቀጥል ሲል እትዬ አባይነሽ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

“በዚህ ቦቴ? ጸበል? ኃይለመለኮት፣ ለመሆኑ ውስጡን አይተኸው ታውቃለህ?”

“የኔ ቦቴ ምን ይሆናል?” አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት ተቆጥተው። ግን የእግዚአብሔርን ነገር ይፈራሉ። ጫማቸውን አውልቀው ቦቴው ላይ ወጡ፤ ክዳኑን ከፈቱ፤ በስልካቸው መብራት ወደ ውስጥ አዩ። ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገቡ። ሲወርዱ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረንጓዴ ልጋግ ለብሶ ነበር።

“ተገኝ፣ ይህ ቦቴ መቼ ነው የታጠበው?”

“ጋሼ…” ተገኝ ጎንበስ አለ። “ታጥቦ አያውቅም።”

“ምን ነበር የምንጭንበት?”

“ውኃ።”

“ለማን?”

ተገኝ ወደ ሰልፉ አየ። ሰልፉ ላይ ማማ ፖኒ የልጅ ልጇን አዝላ ቆማለች። ጋሽ ኃይለመለኮት ወደ እነሱ አዩ፤ ከዚያ ወደ እጃቸው፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው። ማናህሎሽ ያን ሁለት ዓመት የለመነችውን አንዲት ቃል አላነሳችባቸውም። ለዚህ ሳከብራት እኖራለሁ።

“ክሎሪኑን አምጪ” አሏት። “መቦረሻም። ስንት አለሽ?”

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ! የጁባው ባለሀብት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ቦቴ ላይ ወጡ። ሾፌሮቹ ውስጥ ገቡ፤ እሳቸው ከላይ መቦረሻ ያቀብላሉ፣ “ጥግ ጥጉን!” እያሉ ይጮኻሉ። ከሮቶው ውኃ አንዲት ጠብታ አልነኩም፤ የሚያጥቡበትን ኛሉዋክ ከጎረቤት ጀሪካን በጀሪካን ገዝታ አቀረበች። ስትገዛም፣ “ዛሬ ነፃ ውኃ እያለን ውኃ የምንገዛ እኛ ብቻ ነን” እያለች ሰፈሩን አሳቀችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱም ቦቴዎች ነጡ። እትዬ አባይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ውስጡን አዩና፣ “አሁን ይጫን” አሉ።

የሞላው ቦቴ ሃይ ማላካል ሲገባ እኔ ጋቢናው ውስጥ ነበርኩ። ጥሩምባ እየነፋን ነው የገባነው! ከየበሩ ባልዲ፣ ድስት፣ ጀሪካን ወጣ። ከመጋገሪያው ሴቶቹ ሊጥ የያዘ እጃቸውን እያራገፉ ሮጡ። ሁለተኛው ቦቴ ካስተም ዞረ፤ ጫኝና አውራጅ ሁሉ ፊቱን ታጠበ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ስንመለስ ሁለተኛው ሮቶ ሥር የቀረው ጥቂት ነበር። ማናህሎሽ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ውኃው እየቀጠነ መጣ። እትዬ አባይነሽ ያችን ባዶ ሃይላንድ ከቦርሳቸው አውጥተው ደገኑ። ሞላች። ቧንቧው ሁለቴ አቃሰተና ደረቀ።

ማንም እልል በሉ አላለንም፤ ግቢው ራሱ እልል ያለ መሰለኝ።

እሑድ ሮቶዎቹ ታጠቡ፤ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲስብ ዋለ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽመክት መጀመሪያ ደረሰ።

“ይሄኛው ውኃ ብቻ ነው?”

“ውኃ ብቻ ነው” አለችው ማናህሎሽ።

“ማርያምን በዪ።”

“ማርያምን!”

ቆቡን መልሶ አደረገና፣ “ክፈቺው እንግዲህ፤ ሃምሳ የክትፎ ጣባ ይጠብቀኛል” አለ። የሌሎቹ ሆቴሎች መኪናዎችም ተከታተሉ። ከእነሱ ኋላ ሁለቱ የታጠቡ ቦቴዎች ቆመው ነበር፤ ጋሽ ኃይለመለኮት ራሳቸው ከተገኝ ጎን ተቀምጠዋል። ከወንዙ መቅዳት ትተው ከልጃቸው ሊቀዱ መጥተዋል። የቀሩት አሥሩ ቦቴዎችም ያን ሳምንት ተራ በተራ ታጠቡ።

ዋጋውን ስትነግራቸው፣ “ጋሊ!” አሉ እንደ ጁባ ነጋዴ፤ ተወደደ ማለታቸው ነው። “ለአባትሽ?”

“የአባትና የልጅ ነገር እዚህ የለም” አለቻቸው።

ከት ብለው ሳቁና ከፈሉ። ማማ ፖኒ ከጎናቸው ቧንቧ ጀሪካኗን በርካሹ ዋጋ ትሞላ ነበር፤ ለምን እንደሚስቁ ሳይገባት አብራቸው ሳቀች።

ግቢው የቦቴ ማደሪያ አልሆነም። ጥር ሲያልቅ ወረቀቱ ታደሰ፤ እኔ ነኝ ያባዛሁት፤ በነፃ። በግንቦት ሁለተኛው ማጣሪያ ሃይ ማላካል፣ ከሱቄ ትይዩ ተከፈተ። ቀሲስ እንድሪያስ መጥተው ቤቱንና ሠራተኞቹን ባረኩ፤ ወደ ሮቶው ቀና ብለው አላዩም። ኛሉዋክ ግን ሰዉ ከመግባቱ በፊት መሰላሉ ሥር እጇን አጣምራ ቆማ ነበር።

“እትዬ አባይነሽ፣ በጣም አከብርዎታለሁ” አለቻቸው። “ቦርሳዎን ግን ይክፈቱልኝ።”

እትዬ አባይነሽ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ጨበጡ፤ ቀይ ሆኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ዚፑን ከፈቱት።